ቅንጣት በኮምፒዩተር ሥዕል ላይ እንዴት እንደ ገባ

የዚህን የበዓል መጽሐፍ ሽፋን ልብ ብላችሁ ብትመለከቱት በሰማዩና በግንቡ ላይ ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። ይህ የማተሚያ ቤት ጉድለት አይደለም፤ የአዘጋጅ ኮሚቴው ሆን ብሎ በኮምፒዩተር ያስገባው ነው። ስለዚሁ ነገር በእኛ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ስለ ተነሣ፥ የነገሩን ታሪክ ከሥሩ መርምረን ለመጻፍ ወሰንን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፒዩተር ሥዕልን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሥዕሉን ፒክስል ከሚባሉ ከብዙ ጥቃቅን ነጥቦች መሥራት ነው። ሁለተኛው ቬክተር የሚባለው ሲሆን፥ ይህ ነጥብ አይቆጥርም፤ «ከዚህ ተነሥተህ እስከዚያ ድረስ እንዲህ የተቆለመመ መስመር ስበህ ውስጡን በቀይ ሙላው» የሚል የሒሳብ ትእዛዝ ብቻ ይይዛል። ስለዚህም የቬክተር ሥዕል እንደ ቴምብር ቢያንስ ወይም እንደ ግድግዳ ቢሰፋ መስመሩ አይደበዝዝም።

በዚህ መንገድ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ ነው። በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕርግ ባቀረበው ሥራ ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ በብርሃን ብዕር መስመር ለመሳል በቃ። የተቆለመመውን መስመር ግን ያቃኑት መኪና ሠሪዎች ናቸው። ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮዌን ፋብሪካ በ1959 ዘዴውን አግኝቶት ሳለ ፋብሪካው በምስጢር ያዘው፤ በዚህ መካከል የሬኖው ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ የራሱን ሥራ አሳተመና መስመሩ በስሙ ተጠራ። (ለደ ካስቴልዦ ያዘንን ብዙዎች ነን።) ከዚያም ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በ1982 ያቋቋሙት የአዶቤ ኩባንያ በ1987 ኢለስትሬተርን አወጣ። በ2003 ደግሞ ያለ ዋጋ የሚገኘው ኢንክስኬፕ ተጀመረ፤ የእኛም ሽፋን የተሣለው በእርሱ ነው።

እንግዲህ የቬክተር ሥዕል ጸጋው ጥራቱ ሲሆን ነውሩም ያው ጥራቱ ነው። ግንቡ እንደ አዲስ ፕላስቲክ ያብረቀርቃል፤ ሰማዩም እንደ ተወለወለ ሳህን ይሆናል። እጅ የነካው አይመስልም።

ቅንጣትን ወደ ሥዕል ያመጣው ግን ኮምፒዩተር አይደለም። በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጸው የሚያትሙ የአውሮፓ ሠዓሊያን ጥላን ለማሳየት ብዙውን ጊዜ መስመር በመስመር ላይ ይደራርቡ ነበር። በ1768 ገደማ ዣን ባፕቲስት ለ ፕረንስ የተባለው ፈረንሳዊ አኳቲንት በሚባለው ዘዴ መሥራት ጀመረ። በሰሌዳው ላይ እንደ ዱቄት የተፈጨ የዛፍ ሙጫ ይነሰነሳል። ሰሌዳው ሲሞቅ ዱቄቱ ለስልሶ ይጣበቃል። ከዚያም አሲድ ውስጥ ሲነከር፥ አሲዱ ሙጫው የሸፈነውን ትቶ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን መዳብ ብቻ ይበላል፤ በተበላውም ጉድጓድ ቀለም ይገባል። ብዙ የቆየው ቦታ ጥቁር፥ ጥቂት የቆየው አመድማ ሆኖ ይታተማል። ስፔናዊው ጎያ በ1799 ባሳተማቸው 80 ሥዕሎች ያን የሚያስፈራ ጨለማ ያገኘው ከዚሁ ዱቄት ነው። በዚህ ሥራ ቅንጣቱ ጌጥ አይደለም፤ ጥላው ራሱ ከእርሱ የተሠራ ነው። ይህን ልብ እንድትሉልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ለክርክራችን ያስፈልገናልና።

በፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ፊልሙ ላይ ብርሃን የሚቀበሉ የብር ጨው ቅንጣቶች አሉ። በደብዛዛ ብርሃን ለማንሣት የሚሠራው ፊልም ቅንጣቱ ትልልቅ ስለሆነ ሥዕሉ ይሻክራል።

ኮምፒዩተር ቅንጣትን የተማረው ከሁለት ሰዎች ነው ማለት እንችላለን። የመጀመሪያው ላሪ ሮበርትስ ነው። አንድ ቀለም ቀስ በቀስ ከጥቁር ወደ ነጭ ሲሄድ፥ ኮምፒዩተሩ ያለው የቀለም ደረጃ ጥቂት ከሆነ፥ በሽግግሩ ላይ እንደ ደረጃ የተቆረጡ ሰንበሮች ይታያሉ። ሮበርትስ በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ደረጃው ከመቆረጡ በፊት ጥቂት የዘፈቀደ ቁጥር ቢጨመር ሰንበሩ ከዓይን እንደሚሰወር አሳየ። ባለሙያዎች ይህን ጭማሪ ኖይዝ ይሉታል፤ ሁከት እንደ ማለት ነው። ሁከት ጨምሮ ሥዕልን ማጥራት! መጀመሪያ ስንሰማው ቀልድ መስሎን ነበር።

ሁለተኛው ኬን ፐርሊን ነው። በ1982 በወጣው ትሮን በተባለው ፊልም ላይ ሲሠራ፥ የኮምፒዩተሩ ሥዕል የመኪና ሥራ መምሰሉ አላረካውም። ያገኘው ዘዴ በባለ ካሬ ደብተር ሊገለጽ ይችላል። በየካሬው ማዕዘን ላይ ወደ ዘፈቀደ አቅጣጫ የሚያመለክት ቀስት ይቆማል፤ በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ዋጋ ደግሞ ከቀስቶቹ ተሰልቶ ያለ ዝላይ ይቀላቀላል። በዚህ ላይ ካሬው በግማሽ ያነሰ፥ ኀይሉም በግማሽ የደከመ ሌላ ንጣፍ፥ በዚያም ላይ ሌላ ይደረባል። እንዲህ ሲደራረብ ደመና፥ እብነ በረድ፥ ሻካራ ግድግዳ ይመስላል። ፐርሊን ጽሑፉን በ1985 አሳተመ፤ በ1997ም የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ሰጠው። በ2001 ኤስ ቪ ጂ የተባለው የቬክተር ሥዕል ደንብ ሲጸድቅ ይኸው ዘዴ በውስጡ ገባ።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ቅንጣት መጨመር ማታለል ነው፤ ዘንድሮ የተሣለውን ሥዕል አባቶቻችን በተማሩበት ዘመን የተነሣ ፎቶግራፍ ለማስመሰል ነው» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ያለዚያ ሥዕሉ ሕይወት የለውም» ብለው ተከራከሩ። በእኛ አስተያየት ነገሩ የሚፈረደው ቅንጣቱ በሚሠራው ሥራ ነው። የሰማዩን ሰንበር የሚያጠፋውና የግንቡን ጥላ የሚሠራው ቅንጣት የለ ፕረንስ ዱቄት ወገን ስለሆነ ነውር የለበትም። በሽፋኑ ላይ ቡናማ ቀለምና የውሸት ጭረት ጨምረን ያረጀ እናስመስለው የተባለውን ግን አልተቀበልንም። ከእኛ በፊት የተማሩት እውነተኛ ፎቶግራፎቻቸው በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ታትመዋልና፥ ከእነርሱ አጠገብ የውሸት እርጅና ማቅረብ ለእነርሱ ክብር አይሆንም።

የቀረው የሥራው ችግር ነበር። ቅንጣቱን ሁሉ አንድ በአንድ እንደ ነጥብ ብንስለው ፋይሉ እጅግ ከብዶ ኮምፒዩተሩ ያቃስታል። በፐርሊን ዘዴ ግን ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ የቅንጣቱ ድቀት፥ የንጣፉ ብዛትና የመነሻው ቁጥር ናቸው። ዳሩ ግን ሥዕሉ ሲሰፋ ቅንጣቱም አብሮ ይሰፋል። በሽፋኑ ላይ አሸዋ የሚመስለው በበዓሉ ቀን በበሩ ላይ በሚሰቀለው ትልቅ ሸራ ላይ ጠጠር ይሆንብናል። ስለዚህ ለሸራው ሌላ፥ የደቀቀ ልክ አወጣን። ደግሞም ኢንክስኬፕ ሥዕሉን ለማተሚያ ቤት በፒ ዲ ኤፍ ሲያወጣው ቅንጣት ያለበትን ክፍል ወደ ፒክስል ስለሚለውጠው፥ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲሆን አስቀድመን ወሰንን።

የመነሻው ቁጥር በሙያው ቋንቋ «ዘር» ይባላል። አንድ ዘር በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢዘራም ያንኑ ቅንጣት በያንዳንዱ ስፍራ መልሶ ያበቅላል፤ ዘሩ ከተለወጠ ግን ሌላ ነው። ስለ ቁጥሩም ከተከራከርን በኋላ ዘንድሮ በምንመረቀው ተማሪዎች ቁጥር ልክ 43 አድርገነዋል።