ከቃሬዛ እስከ መድን ደብተር
ስለ ሐኪም ማነስና ስለ ሕክምና ገንዘብ የተጻፈ አጭር ታሪክ



እድር ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚታወሰን ሞት ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም፣ ጥሩምባውም የተገዛው ለቀብርና ለለቅሶ ነውና። ይሁን እንጂ በገጠራችን፣ በጃቢ ጠህናንም ሆነ በቡሬ ዙሪያ፣ በወምበርማም ሆነ በቋሪት፣ እድርተኛው የሚሸከመው ሬሳ ብቻ አልነበረም። በሽታ የጣለውን ጎልማሳ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አድርጎ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እየተፈራረቀ እስከ መኪና መንገድ የሚያደርሰው ያው እድርተኛ ነው። ሬሳ የተሸከመው ትከሻ በሽተኛም ተሸክሟል።

በሽተኛው ከደረሰ በኋላ ግን ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንደኛው የሚያክም ሰው አለ ወይ? ሁለተኛው የሚከፈል ገንዘብ አለ ወይ? የአገራችንን የሕክምና ታሪክ ስንመለከተው አንዱ ሲገኝ ሌላው እየጠፋ የመጣበት ታሪክ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን ለማስረዳት ከጥንቱ እንጀምር።

ሐኪም ያልነበረበት ዘመን

በዘመናዊ ሕክምና ተምሮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሆነው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ገና ሕፃን ሳለ እንግሊዞች ወስደው ህንድ አገር አሳደጉት፤ እዚያም ሕክምና ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከአድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው ቁስለኛ አከሙ። ከዓመታት በኋላም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ይህ ሁሉ ግን የከተማ፣ ያውም የአዲስ አበባ ነገር ነበር። ለጎጃም ገበሬ ሐኪሙ ወጌሻው፣ ሥር ማሹ፣ ጠበሉ ነበር። እነዚህም እንዲህ በቀላሉ የሚናቁ አይደሉም፤ ወጌሻ ያቃናው እጅና እግር ስንት ነው! ለወባ ግን አልሆኑም።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በ1950 ዓ.ም. ማለቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወባ ከቆላ አልፋ ደጋውን ወረረች። በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ገንዘብ ያለውም የሌለውም እኩል ሞተ፤ ገንዘብ ቢኖርስ ለማን ይከፈላል?

ድሬሰሩ «ዶክተር» የተባለበት ጊዜ

መንግሥት ሐኪም በብዛት ለማስተማር ዐቅም ስላልነበረው ሌላ ዘዴ ፈለገ። በደምቢያ ወባ ብዙ ሰው ከፈጀች በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። እዚያ የሚሠለጥኑት ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበሩ። ሦስቱ ባንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ በሽተኛም ያክማሉ፣ ውኃና መጸዳጃም ያስተካክላሉ። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚህ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

እኛ ልጆች ሳለን በየክሊኒኩ የሚገኘው ግን ጤና መኮንን እንኳ ሳይሆን ድሬሰር ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሶ መርፌ የያዘ ሁሉ ለሕዝቡ «ዶክተር» ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ነፍስ ያተረፉት እነዚሁ ናቸው።

በደርግ ዘመን ሕክምናን ወደ ገጠር ማውረድ የዓለምም አሳብ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. መስከረም አልማ አታ በተባለች የሶቪየት ኅብረት ከተማ መንግሥታት ተሰብስበው ጤና ለሁሉም እንዲዳረስ ቃል ገቡ። በአገራችንም የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች ሠለጠኑ፤ በጎንደርም ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ።

ገንዘብ ለሌለው ደግሞ የነፃ ሕክምና ወረቀት ነበር። እኛም በጽሕፈት ሥራ ላይ በነበርንበት ዘመን ይህን ወረቀት ስንጽፍና ማኅተም ስናስመታ ብዙ ዓመት አሳልፈናል። ወረቀቱ ጥሩ ነገር ነበር፤ አንድ ክፉ ጠባይ ግን ነበረው። ሰው ድኻ መሆኑን የሚያስመሰክረው ከታመመ በኋላ ነው። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ሄዶ ከሆነ፣ ማኅተሙ ተቆልፎበት ከሆነ፣ በሽታው አይጠብቅም። አባወራው በቃሬዛ ላይ ተኝቶ ልጁ ምስክር ፍለጋ ሲዞር ዐይተናል።

መድን ሲመጣ

መድን ማለት ባጭሩ ሳይታመሙ መክፈል ነው። ይህ ለእድርተኛ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ እኛም ሳንሞት አይደል የምንከፍለው? በውጭ አገርም ቢሆን ነገሩ የመጣው ከእኛ መሰል ማኅበር ነው። በእንግሊዝ አገር ሠራተኞች በየወሩ ሳንቲም እያዋጡ ለቀብርም ለሕመምም የሚረዳዱበት ማኅበር ነበራቸው፤ በዓመት ተዋውለው ሐኪም የሚቀጥሩም ነበሩ። በጀርመን አገር መንግሥት የሠራተኞችን የሕመም መድን በሕግ ያቆመው በእኛ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝም በ1904 ዓ.ም. ሕግ ስታወጣ እነዚያኑ የመረዳጃ ማኅበራት የመድኑ ከፋይ አድርጋ ሠራችባቸው።

በአገራችን የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። እርሱ ለደመወዝተኛና ለጡረተኛ የታሰበ ሲሆን ሥራ ላይ ሳይውል ለብዙ ዓመት እየተላለፈ ቆየ። ለገበሬውና ለነጋዴው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና በዚያን ጊዜ በምዕራብ ጎጃም ሥር የነበረው ደቡብ አቸፈር ናቸው። ስለዚህ የዱርቤቴ አካባቢ ገበሬ ከብዙው የኢትዮጵያ ሕዝብ ቀድሞ የመድን ደብተር የያዘ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች፣ ወደ እኛም ተዛመተ።

አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እህል ከገባ በኋላ ቤተሰቡ የዓመቱን ይከፍላል፤ በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታያል፤ ከዐቅም በላይ ሲሆን ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይሄዳል። መክፈል ለማይችለው ድኻ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ከድሮው የነፃ ወረቀት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ድኻው የሚለየው ሳይታመም በፊት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው።

ሐኪሙስ?

የገንዘቡ ነገር እንዲህ መንገድ ሲይዝ የሐኪሙስ ነገር እንዴት ሆነ? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ በአገሪቱም ከ30,000 በላይ ሆኑ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም የሕክምና ትምህርት ቤት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈተ፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስም ሐኪም ማስተማር ጀመሩ። የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቀድሞ ሐኪም የጠፋበት አገር ውሎ አድሮ ተመርቆ ሥራ ያጣ ሐኪም ታየበት። በሽተኛው በወረፋ ተሰልፎ ቆሞ፣ ሐኪሙ ደግሞ የሥራ ማስታወቂያ ፊት ቆሞ!

ምክንያቱ ብዙ አይርቅም። የምናዋጣው የመድን ገንዘብ ወደ ጤና ተቋሙ የሚገባው ለመድኃኒትና ለአገልግሎት ዋጋ ሲሆን የሐኪሙ ደመወዝ የሚከፈለው ከመንግሥት በጀት ነው። ስለዚህ መድን ከፋዩ ቢበዛ በሽተኛው ይበዛል እንጂ ሐኪሙ በዚያ ልክ አይጨምርም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ለኑሮ አልበቃንም ብለው በብዙ ቦታ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ያለ ነገር አይደለም።

በአካባቢያችን ደግሞ ጦርነት ተጨመረበት። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ጥቃት ብዙ ሰው ሲሞትና ሲቆስል ቁስለኛው የተወሰደው ወደ ከተማው ሆስፒታል ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የሚፈለገው ደብተር ሳይሆን ሐኪም፣ ደምና መድኃኒት ነው። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አይገባም፤ ባለሙያም ነፍሱን ፈርቶ ይሄዳል፤ ወባ ግን መንገድ ተዘጋ ብላ አትቀርም።

ከእድራችን ምን ይጠበቃል?

መድኑ ዋጋ የለውም ለማለት ይህን አልጻፍንም። «ደብተር ይዤ ሄጄ መድኃኒት የለም አሉኝ፤ ዘንድሮ አልከፍልም» የሚል ሰው በመካከላችን እየበዛ ነው። ቅሬታው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን አይደለም። እርሱ ሲወጣ የሚጎዳው ከኋላው የቀረው ነው፤ በእድርም እንደዚሁ ነው፤ ጤነኛው ሲሸሽ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እንዲታይልን እናሳስባለን።

1ኛ. በድኻ መዝገብ ያልገቡ፣ መክፈልም ያቃታቸው ባልቴቶችና አረጋውያን አባሎቻችን ተለይተው የዓመቱን የመድን መዋጮ እድሩ እንዲከፍልላቸው፤

2ኛ. መድኑ የአባላት ጉባኤ ያለው ስለሆነ ከእኛ ወገን ሒሳብ የሚያውቅ፣ ጠይቆ የማያፍር ሰው እንዲወከልና መድኃኒት ለምን እንደ ጠፋ እንዲጠይቅ፤

3ኛ. ወደ አካባቢያችን ተመድቦ የሚመጣ ሐኪምም ሆነ ነርስ እንግዳችን ነውና ቤት በማፈላለግ፣ በበዓል በመጥራት፣ በክፉ ቀንም በመጠበቅ ወዳጅ እንድንሆነው። ደመወዙን መጨመር የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ሰው እንዲሰማው ማድረግ ግን የእኛ ነው።

አባቶቻችን ሐኪምም መድንም ሳይኖራቸው ቃሬዛውን አልጣሉም። ለእኛ ሁለቱም በግማሽ ደርሶናል፤ የቀረውን ግማሽ መጠየቅና መሙላት የኛ ተራ ነው። እድራችን ብዙ ለመቅበር ብቻ ሳይሆን ጥቂት ለመቅበርም ይደራጅ እንላለን።

ለአገራችን ሰላሙን፣ ለሕሙማን ምሕረቱን ያውርድልን።