ስም የተጻፈበት ዳቦ

ለሽያጭ ከቤቴ በሚወጣ ድፎ ዳቦ ሁሉ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። የምኖርበት የሜሪላንድ ስቴት ሕግ ያዛል፦ ስም፣ አድራሻ፣ ክብደት፣ ዳቦው ውስጥ የገባው ሁሉ ከሚበዛው ጀምሮ፣ አለርጂ የሚቀሰቅሰውም ተለይቶ። ከሥሩ ደግሞ ዳቦው ለስቴቱ የምግብ ደኅንነት ደንብ ተገዢ ባልሆነ የቤት ውስጥ ንግድ መሠራቱን የሚናገር ዐረፍተ ነገር አለ፤ ፊደሉ ከ10 ነጥብ ማነስ የለበትም። ለበዓል የሚያዙኝ አንዲት እናት መጀመሪያ ሲያዩት ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ በገዛ ዳቦሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ትጽፊያለሽ?» አሉኝ። መልሱ ረዘም ይላል፤ ከኔና ከሳቸው በፊት በዚህ አገር ዳቦ የጋገሩ ሰዎችን ታሪክ ይነካል። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እናቴ ደብረ ብርሃን ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ዳቦ ስትደፋ የጎረቤትም ትእዛዝ ትቀበል ነበር። ዱቄቱን ማን እንዳስፈጨው፣ ኮባው ከየትኛው ገበያ እንደ መጣ፣ እጇ ንጹሕ መሆኑን ገዢው ሁሉ ያውቃል። ፈቃድ የጠየቃት የለም። እዚህ ስመጣ ግን በብዙ ስቴቶች ኬክ ጋግሮ ከቤት መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ብዙ አነበብኩ፤ መነሻው የሴቶች ወጥ ቤት እንዳልሆነ ሳውቅ ነገሩ ይበልጥ ገረመኝ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አብዛኛው የአሜሪካ ዳቦ በየቤቱ ይጋገር ነበር። ከተማ ውስጥ ለሽያጭ የሚጋገረው ግን፣ በተለይ ኒውዮርክ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከድሆች መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ባለ ምድር ቤት ነበር። ምድር ቤት ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ወለሉም የከባዱን ምድጃ ክብደት ይችላል። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የፍሳሽ ቱቦ ከሊጡ በላይ የሚያልፍበት፣ ብርሃንና አየር የማይገባበት ቦታ ነው። ጋጋሪዎቹ፣ አብዛኞቹ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች፣ ሌሊቱን ሠርተው እዚያው ሊጥ በሚቦካበት ክፍል ይተኙ ነበር። ጋዜጦች ጉዱን በ1894 አወጡት፤ በ1895 የኒውዮርክ ስቴት የዳቦ ቤት ሕግ ወጣ። የሥራ ሰዓት በቀን 10፣ በሳምንት 60 እንዳይበልጥ፣ ጋጋሪ ሊጥ ባለበት እንዳይተኛ፣ የቤት እንስሳም ወደ መጋገሪያው እንዳይገባ አዘዘ፤ ከእንስሳቱ ድመት ብቻ ተፈቀደላት። ወፍጮ ቤት አካባቢ ያደገ ሰው ምክንያቱን ከኔ መስማት አያስፈልገውም። በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሎክነር የተባለ የዩቲካ ከተማ ዳቦ ቤት ባለቤት ባቀረበው ይግባኝ የሰዓት ገደቡን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሻረው። የንጽሕናው ክፍል ግን ጸና።

ያ ሕግ አስፈላጊ ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ሰው ከፍሳሽ ቱቦ ሥር ዳቦ ሊጋግር አይገባም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ታላላቅ የዳቦ ፋብሪካዎች ተነሡ፤ ዳቧቸውን የሰው እጅ እንዳልነካው እየተናገሩ አስተዋወቁ። በ1928 በሚዙሪ ስቴት በቺሊኮቲ ከተማ በማሽን የተቆረጠ ዳቦ ለገበያ ቀረበ። በ1930 አካባቢ የአገሩ ዳቦ በአብዛኛው ከቤት ወጥቶ ፋብሪካ ገብቷል። ምድር ቤቱ የፈጠረው ፍርሃት እያደር ወደ ሰው እጅ ዞረ፤ ንጹሕ የሚባለው ማሽን፣ የሚያጠራጥረው ደግሞ እናት በቤቷ የጋገረችው ሆነ። የየስቴቱ የጤና ደንብም ይህንኑ አስተሳሰብ ተከትሎ ተጻፈ። የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ1993 ጀምሮ ለስቴቶች አርአያ እንዲሆን ባወጣው የምግብ ደንብ ውስጥ በግል መኖሪያ ቤት የተሠራ ምግብ በምግብ ቤት ለሽያጭ እንዳይቀርብ የሚከለክል አንቀጽ አለ።

ከቤት ወጥ ቤት የሚወጣ ምግብ በዚህ አገር ምን እንደ ሠራ ለማየት ግን አላባማ መሄድ ይሻላል።

ጆርጂያ ጊልሞር በ1920 የተወለደች፣ በሞንትጎመሪ ከተማ የምትኖር፣ የስድስት ልጆች እናት ነበረች። በአንድ ምግብ ቤት ተቀጥራ ታበስላለች፤ አዋላጅም ነበረች። በጥቅምት 1955 አውቶቡስ ተሳፍራ ሒሳቧን ከፊት ከከፈለች በኋላ ነጩ ሹፌር ወርዳ በኋላ በር እንድትገባ አዘዛት። ወረደች፤ ወደ ኋላ በር ሳትደርስ መኪናውን ነድቶ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ አውቶቡስ ላለመሳፈር ወሰነች። ሮዛ ፓርክስ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም ብላ ተይዛ የከተማው ጥቁር ሕዝብ ታኅሣሥ 5 ቀን 1955 አድማ ሲመታ ጊልሞር ቀድማው ነበር።

አድማው 381 ቀን ፈጀ። ሕዝቡ በእግሩ ሄደ፤ የራቀውን ደግሞ የማኅበረሰቡ መኪኖች አመላለሱት። መኪኖቹ ቤንዚን፣ ጎማና ኢንሹራንስ ይፈልጋሉ። ጊልሞርና ጓደኞቿ ያላቸው ሀብት የወጥ ቤት ሙያ ነው። ዶሮ ጠበሱ፣ ሳንድዊች አዘጋጁ፣ የስኳር ድንች ፓይና ኬክ ጋገሩ፤ በሴቶች ፀጉር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት፣ በታክሲ ማቆሚያ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሸጡ። ከጋጋሪዎቹ ብዙዎቹ በነጮች ቤት ምግብ አብሳይና ሠራተኛ ነበሩ፤ አድማውን መርዳታቸው ቢታወቅ በማግሥቱ ይባረራሉ። ስለዚህ ማን እንደ ጋገረ፣ ማን እንደ ገዛ የምታውቀው ጊልሞር ብቻ ሆነች። ገንዘቡ ከየት መጣ ተብለው ቢጠየቁ መልሳቸው «ከየትም» ነበር፤ የማኅበራቸውም ስም ይኸው ሆነ፦ «ከየትም ያልመጣ ክበብ»። በቤተ ክርስቲያን በሚደረገው የአድማው ስብሰባ ላይ ጊልሞር ገብታ የሳምንቱን ገቢ ስትናገር ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። በሌላው የከተማው ሰፈር አይነዝ ሪክስ የምትባል ሴት የራሷን ማኅበር አቋቋመች፤ ሁለቱ ማን ብዙ አመጣ እያሉ ይፎካከሩ ጀመር። ይህን ሳነብ የኛዎቹ የጽዋ ማኅበር ሴቶች ታወሱኝ፤ ያ ፉክክር ቅናት የሌለበት እንደ ነበር አልጠራጠርም።

በመጋቢት 1956 የአድማው መሪ ማርቲን ሉተር ኪንግ አድማ በማስተባበር ተከሶ ሲቀርብ ጊልሞር መስክራ የአውቶቡሱን ነገር ለፍርድ ቤቱ ተናገረች። ከሥራዋ ተባረረች። ኪንግ በቤቷ የራሷን ሥራ እንድትጀምር መከራት፤ ድስትና ዕቃ መግዣም ሰጣት። ከዚያ ወዲያ የዴሪኮት መንገድ ቤቷ ምግብ ቤት ሆነ። ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ መምህሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጥቁሩም ነጩም በተራ እየገባ ይበላል። ሰዎች በግልጽ ሊነጋገሩ በማይችሉበት ከተማ ኪንግ እንግዶቹን ይዞ የሚሄደው ወደዚያች ወጥ ቤት ነበር። በመጋቢት 1990 ያረፈችው፣ ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ የተደረገው የጥቁሮች የመብት ጉዞ 25ኛ ዓመት ሲታሰብ ለሚመጡት ሰዎች ምግብ ስታዘጋጅ ነው፤ ያዘጋጀችው ለለቀስተኞቿ ቀረበ።

በነዚያ ሴቶች ፓይ ላይ ስም ቢጻፍ ኖሮ እንጀራቸው ይቋረጥ ነበር። እኔ በዳቦዬ ላይ ስሜን ስጽፍ የሚሰማኝ ደስታ ከዚህ የመጣ ነው፤ ለደንበኛዬም ያልኳቸው ይህንኑ ነው።

ከቤት መሸጥን የሚመለከተው የኋለኛው ዘመን ሕግ ደግሞ የራሱ ጉድለት ነበረበት። በኒውጀርሲ ለበጎ አድራጎት ኬክ ጋግሮ መሸጥ ይፈቀድ ነበር፤ ያንኑ ኬክ፣ ከዚያው ምድጃ አውጥታ፣ ለልጆቿ ማሳደጊያ የምትሸጥ እናት ግን እስከ 1,000 ዶላር ትቀጣለች። በዊስኮንሲን ኮምጣጤ ውስጥ የተቀመጠ አትክልት ከቤት መሸጥ ሲፈቀድ ብስኩት መሸጥ እስከ 6 ወር ሊያሳስር ይችል ነበር። ጤና ቢሆን ኖሮ የሚያሳስበው፣ የገንዘቡ መድረሻ ምን አገባው? ከዚህ ሁሉ የምረዳው ደንቡ ነባሩን ነጋዴ ሲጠብቅ እንደ ኖረ ነው።

በሎስ አንጀለስ ማርክ ስታምብለር የተባለ ሰው በጓሮው በሠራው የእንጨት ምድጃ የሚጋግረውን ዳቦ ለሠፈሩ ሱቆች ይሸጥ ነበር። በ2011 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የጤና ተቆጣጣሪዎች ወዲያው ሱቆቹ ደረሱ፤ ሽያጩ ቆመ። ስታምብለር የሕዝብ እንደራሴውን ማይክ ጋቶን ይዞ ሕግ እንዲወጣ ሠራ፤ ገዥው ጄሪ ብራውን በ2012 ፈረሙበት፤ ከጥር 2013 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከቤት መሸጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ዓመት የሽያጭ ጣሪያ 35,000 ዶላር ነበር። በዊስኮንሲን ሦስት ሴት ገበሬዎች ስቴቱን ከሰው በ2017 ረቱ፤ ዳኛው እገዳው ከሕዝብ ጤና ጋር እውነተኛ ግንኙነት የለውም አሉ። ኒውጀርሲ ከ50ዎቹ ስቴቶች ሁሉ መጨረሻ፣ ከጋጋሪዎች ክስ በኋላ፣ በጥቅምት 2021 በሩን ከፈተች።

የሚፈቀደው ሁሉም ምግብ አይደለም፤ ይህም ትክክል ነው። በደንብ የበሰለ ዳቦ ያለ ማቀዝቀዣ ቢቀመጥ አደገኛ ባክቴሪያ እንደልቡ አይራባበትም። ክሬም የተሞላ ኬክ ግን ከ5 እስከ 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ከቆየ ይበላሻል፤ ስለዚህ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ነገር በአብዛኛው ከሕጉ ውጭ ነው። ድፎ፣ አምባሻና ዳቦ ቆሎ በተፈጥሯቸው ለዚህ ሕግ የተመቹ ናቸው።

ሜሪላንድ ሕጓን በ2012 አወጣች፤ የዓመት ሽያጭ ጣሪያው 25,000 ዶላር ነበር፣ በኋላ ወደ 50,000 ከፍ ብሏል። እዚህ አካባቢ በበዓል ሰሞን ዳቦ የሚጋግሩ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ፤ ኮባ ስለማይገኝ ከላቲኖች ገበያ የበረደ የሙዝ ቅጠል ገዝተው የሚጠቀልሉ፣ ሙያቸው የተመሰከረ። ብዙዎቹ ወረቀት አይለጥፉም፤ ሕጉ የሚከለክላቸው እንጂ የሚፈቅድላቸው አይመስላቸውም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሰሊጥ ነው። አምባሻ ላይ እንደ ልማዳችን እንነሰንሰዋለን። ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከስንዴና ከሌሎቹ ጋር 9ኛው ዋና አለርጂ ቀስቃሽ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚህ ከተወለዱ ልጆቻችን ውስጥ ሰሊጥ ጉሮሯቸውን የሚዘጋባቸው አሉ፤ ያልተጻፈበት አምባሻ ለነሱ አደጋ ነው።

አድራሻው ግን አሁንም ያከራክረናል። ሜሪላንድ የቤቱን አድራሻ ለመጻፍ የማይፈልግ ጋጋሪ ከጤና ቢሮ መለያ ቁጥር ወስዶ ከስልኩ ጋር እንዲጽፍ ትፈቅዳለች፤ ቴክሳስም በ2025 ባወጣችው ሕግ ተመሳሳይ መንገድ ከፍታለች። ብቻዋን የምትኖር፣ የምትሸሸው ሰው ያለባት ሴት ቁጥሩን ብትወስድ ልክ ናት፤ እኔም ለአንዷ ማመልከቻውን ሞልቼላታለሁ። ለራሴ ግን ቁጥሩን አልጠየቅሁም። ዳቦዬ የማይስማማው ሰው በሬን አንኳኩቶ ሊነግረኝ ይገባል እላለሁ፤ እሷ ደግሞ ስልክ ይበቃል ትላለች፤ እስካሁን አልተስማማንም።