ግልግሉ የማን ነው?

«ተገላገለች» የሚለው የአማርኛ ቃል ለሁለት ቤት ያገለግላል። አራስ ቤት ሲነገር በሰላም ወለደች ማለት ነው፤ እልልታ ይከተለዋል። ለቅሶ ቤት ሲነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ የቆየች ሴት ከስቃይዋ ዐረፈች ማለት ነው። በዚህ በሁለተኛው አነጋገር ውስጥ ግን ሌላም ሰው አለ። በሽተኛዋ ስትገላገል አስታማሚዋም አብራ ትገላገላለች፤ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የመድኃኒቱ ወጪ፣ ሲቃዋን የመስማቱ ጭንቀት ያበቃል። ለቅሶ የደረሰ ሰው ቃሉን ሲናገር የማን ግልግል እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ሞቱን ያመጣው ሰው አይደለምና።

ክፉኛ የታመመች የቤት ድመቱን በሐኪም መርፌ ለማሳረፍ የሚያስብ ሰው ግን ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ቀኑን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ቀጠሮ ይይዛል፣ ወረቀት ይፈርማል፣ ሂሳብ ይከፍላል። ይህ ውሳኔ ዛሬ በያዘው መልክ የቅርብ ዘመን ነገር ነው። የመጣበት መንገድ ሲታይ፣ ሰዎች የራሳቸውን ግልግል ለእንስሳው እንደተደረገ ምሕረት የቆጠሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንስሳን ከጭካኔ የሚጠብቀው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ሕግ በ1822 ሲወጣ ድመትን አላሰበም። ያተኮረው በፈረስ፣ በበቅሎ፣ በአህያ፣ በከብትና በበግ ላይ ነበር፤ ለሰው ጉልበትና ሀብት በሆኑት ላይ ማለት ነው። የቤት እንስሳት በሕጉ ጥላ ሥር የገቡት በ1835 ነው። በ1911 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። በእንስሳው ላይ በጭካኔ የተፈረደበት ባለቤት ሲኖር፣ እንስሳውን በሕይወት ማቆየቱ ራሱ ጭካኔ እንደሚሆን ፍርድ ቤቱ ካመነ እንዲገደል ማዘዝ ይችል ነበር። ባለቤቱ ካልተስማማም ትእዛዙ የእንስሳት ሐኪም ምስክርነት ያስፈልገው ነበር። መግደል ብቻ ሳይሆን ማቆየትም በደል ሊሆን እንደሚችል፣ መለኪያውም የእንስሳው ሁኔታ እንደሆነ በሕግ ተጻፈ።

መሣሪያው ግን ከሐሳቡ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ የተሠራውም ለታመሙት አልነበረም። ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት በ1860 ለንደን ውስጥ ለባዘኑ ውሾች መጠለያ ከፈተች። መጠለያው በ1871 ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ፤ ከ1883 ጀምሮ ድመትም ይቀበል ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን የተባለ ሐኪም እዚያው አንድ የመግደያ ክፍል ሠራ። የተጠቀመበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር፤ ቤት ዘግተው ከሰል እያነደዱ የሚተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው መርዝ። ከክሎሮፎርም ጋር ሲቀላቀል እንስሳቱ እያንቀላፉ ይሞታሉ። ከዱላና ከውኃ ጋር ሲነጻጸር እውነተኛ መሻሻል ነበር። ነገር ግን ከገቡት ብዙዎቹ በሽታቸው ባለቤት ማጣት ብቻ ነበር። ሥቃይ አልባ ሞት ሲገኝ መጀመሪያ ያረፈችው ከተማዋ ናት።

ይህ ድብልቅልቅ ስሜት የመጨረሻ ጥጉን የያዘው በ1939 ነው። ጦርነት እየቀረበ ሲመጣ፣ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር የተቋቋመ አንድ ኮሚቴ ለእንስሳት ባለቤቶች የምክር ጽሑፍ አሰራጨ። የሚችል ድመቱንና ውሻውን ወደ ገጠር እንዲልክ፣ የሚረከበው ካጣ ግን ማስገደሉ ከሁሉ የሚሻል ርኅራኄ እንደሆነ የሚመክር ነበር። ትእዛዝ አልነበረም። ሴፕቴምበር 3 ቀን ጦርነቱ ሲታወጅ የለንደን ሰዎች እንስሶቻቸውን ታቅፈው በየክሊኒኩ በር ተሰለፉ። እንግሊዛዊቷ የታሪክ ምሁር ሂልዳ ኪን ስለዚህ ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሰፈረችው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ወደ 400,000 የሚጠጉ ድመቶችና ውሾች ተገደሉ፤ ከከተማይቱ ድመቶችና ውሾች ሩብ ያህሉ ማለት ነው።

በዚያ ሳምንት ለንደን ላይ አንድም ቦምብ አልወደቀም። ከተማዋ ያለማቋረጥ መደብደብ የጀመረችው ከዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1940 ነው። የተሰለፉት ጨካኞች ነበሩ ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ እያለቀሱ ነበር። ያስለቀሳቸው የነገው ፍርሃት ነበር። ድመቷ ግን ነገን አልፈራችም፤ በዚያን ቀን ጧት በልታ፣ ፀሐይ ሞቃ፣ ተልሳ የመጣች ጤነኛ ነበረች። በዚያው ጊዜ ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። የባተርሲ መጠለያ በሩን ሳይዘጋ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ እንስሳት ተቀበለ፤ የሃሚልተን ዱቼስ ኒና ደግሞ ፈርን በተባለው የገጠር ርስታቸው ብዙዎችን አስጠለሉ። ስለዚህ ሌላ ምርጫ አልነበረም ማለት ይከብዳል። የጠፋው ቆም ብሎ፣ አሁን የሚሠቃየው ማን ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክ ከኩባ ይገኛል። በፌብሩዋሪ 1953 ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ከሃቫና ወጣ ብሎ በሚገኘው ቤቱ ሳለ፣ ዊሊ የተባለው ድመቱን መኪና ገጨው። ሁለት እግሮቹ ተሰብረው ነበር። ሄሚንግዌይ ለወዳጁ ለጃንፍራንኮ ኢቫንቺች በጻፈው ደብዳቤ እንደተረከው፣ ሌሎች እናድርግልህ ቢሉትም ዊሊ ሌላ ሰው እየገደለው እንደሆነ እንዳይሰማው ሲል እምቢ ብሎ በገዛ እጁ ተኩሶ ገደለው። 11 ዓመት አብሮት የኖረ ድመት ነበር። እዚህ ላይ ግልግሉ የማን እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ሰውየው ያገኘው ሐዘን ብቻ ነው። ውሳኔው አላስቸገረውም፣ ያስቸገረው ድርጊቱ ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ፔንቶባርቢታል የተባለው መድኃኒት በ1930ዎቹ ለማደንዘዣና ለእንቅልፍ ሲወጣ፣ መጠኑ ሲበዛ መጀመሪያ ራስን እንደሚያስት፣ ቀጥሎ ትንፋሽንና ልብን እንደሚያቆም ታወቀ። ውሎ አድሮ የእንስሳት ሐኪሞች ዋና መርፌ ሆነ። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ስለ አገዳደል የመጀመሪያውን የባለሙያዎች ሪፖርት ያወጣው በ1963 ነው። እንዴት? የሚለው ጥያቄ በዚህ መልኩ ሲቃለል፣ መቼ? የሚለው ብቻውን ቀረ። ዛሬ የሚከብደው ቀኑ ነው።

ቀኑን ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱ የድመቷ ተፈጥሮ ነው። የቤት ድመት ዘሯ ብቻዋን ከምታድን የአፍሪካ ዱር ድመት ይመዘዛል። እንዲህ ያለ ትንሽ አዳኝ እሱም ይታደናልና ድካሙን አያሳይም። አሮጊት ድመቶችን በብዛት የሚይዘው የኩላሊት በሽታ ደግሞ አዝጋሚ ነው፤ ወራትና ዓመታት ይወስዳል። አትጮህም። መስኮቱ ላይ መዝለል ትተዋለች፤ ጠጉሯን መላስ ትቀንሳለች፤ አልጋ ሥር ገብታ ኩርምት ትላለች። ባለቤቷ በየቀኑ ስለሚያያት ለውጡ አይታየውም። አንዱ «ገና ናት» እያለ ወራት ያስጨምራታል፣ ሌላው አንድ መጥፎ ሌሊት አይቶ ይቸኩላል።

ባለሙያዎች ዓይንን ከራስ ስሜት ወደ እንስሳው ለመመለስ መለኪያ የሠሩት ለዚህ ነው። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ካንሰር ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ በ2004 ሰባት ነጥቦች አወጣች፦ ሕመምና ትንፋሽ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም መልካም ቀናት ከመጥፎዎቹ መብለጣቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እየተንከባከቡ ማቆየት ተገቢ ነው። በ2019 ደግሞ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከድመት ፊት ሕመምን የሚያነቡበት ዘዴ አሳተሙ፤ ጆሮዋ፣ ዓይኗ፣ አፍንጫና አፏ፣ ጢሟና የራሷ አቀማመጥ ይታያሉ። ቁጥር አይወስንም። በሰባቱ ነጥቦች ውስጥ ግን የባለቤቱ ፍርሃት ቦታ የለውም፤ ጥቅማቸውም እዚህ ላይ ነው።

«በራሷ ጊዜ ትሙት፣ ቀን የሚቆርጥ እግዚአብሔር ነው» የሚል ሰው አለ። ይህ ሊናቅ የማይገባው አቋም ነው። ነገር ግን በየቀኑ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ እየተሰጣት፣ ክኒን በግድ እየዋጠች፣ በመርፌ አልባ ስሪንጅ እየተመገበች ያለች ድመት ተፈጥሮ የወሰነላትን ቀን አልፋ ሊሆን ይችላል። ቀኗን መግፋትም የሰው ውሳኔ ነው። በራሷ ጊዜ እንድትሞት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የሕመም ማስታገሻውን ሊነፍጋት አይገባም።

ጥያቄው በውጭ አገር ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪም ቅርብ ነው። አገር ቤት ብዙ ጊዜ ድመት የምትያዘው ለአይጥ ነው፤ ስታረጅ ከዓይን ትሰወርና ወሬው ያበቃል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ አፓርታማ ውስጥ ግን ድመቷ የልጆች እኅት ሆና ትኖራለች፣ ሕመሟም በሐኪም ቋንቋ ስም ይሰጠዋል። ሕጉም ይለያያል። በጀርመን ከ1972 ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳን መግደል ወንጀል ነው፤ በአብዛኛው አሜሪካ ግን ድመት ንብረት ናትና ውሳኔው ለባለቤቱ የተተወ ነው። የሕክምናው ዋጋም አለ። ለዘመድ ገንዘብ የሚልክ ቤተሰብ ለድመት ኩላሊት ስንት ይክፈል? ገንዘብ ማጣት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ገንዘቡን ደብቆ «ለእሷ ብዬ ነው» ማለት ነው። እውነቱ በግልጽ ከተነገረው ሐኪሙ ርካሽ የሕመም ማስታገሻ ሊፈልግ ይችላል፤ ካልተነገረው ግን አይፈልግም።

ስለዚህ ድመቷ ገና በደኅናዋ ሳለች የምትወዳቸውን ሦስት ነገሮች ጽፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል፦ የመስኮቱን ፀሐይ፣ በሩ ሲከፈት ሮጦ መምጣትን፣ የአንድ ሰው ጭን። ከታመመች በኋላ በየማታው ቀን መቁጠሪያ ላይ መልካምና መጥፎ ቀን ምልክት ይደረግ። ሦስቱ ነገሮች ከቀሩ፣ መጥፎዎቹም ቀናት ከበዙ፣ መድኃኒቱም ካልያዘላት፣ ሰዓቱ ደርሷል። የቤቱ ሰውም ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል፤ ወጪውም ይቀርለታል። እሱም መገላገሉ ነውር የለበትም፣ እሷ ቀድማ እስከተገላገለች ድረስ።