የማነጣጠሪያ መነጽር የማጉላት መጠን

የማጉላት መጠን በጠመንጃ ላይ የሚገጠም የማነጣጠሪያ መነጽር ዒላማን ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ የሚገልጽ ቁጥር ነው። 4 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር 400 ሜትር ላይ ያለ ዒላማ በባዶ ዓይን 100 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል።

እንዲህ ያሉ መነጽሮች በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) በአልሞ ተኳሾች እጅ ነበሩ። ትልቅ ቁጥር የተሻለ መነጽር ማለት አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ተኳሾች በሞሲን ናጋንት ጠመንጃ ላይ የገጠሙት ፒዩ መነጽር የሚያጎላው 3.5 እጥፍ ብቻ ነበር።

ማጉላት ሲጨምር የዕይታ ስፋት ይጠባል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ጎልቶ ይታያል፣ ምስሉም ይጨልማል። ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት የሚገኘው የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በማጉላት መጠኑ በማካፈል ነው። አዳኞች የሚያዘወትሩት 3–9×40 መነጽር (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊተኛው ሌንሱ ስፋት 40 ሚ.ሜ. የሆነ) በ9 እጥፍ 4.4 ሚ.ሜ.፣ በ6 እጥፍ 6.7 ሚ.ሜ. ይሰጣል። የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሚሰፋ፣ በድንግዝግዝ ሰዓት ማጉላቱን ከ9 ወደ 6 እጥፍ ዝቅ ማድረጉ ምስሉን ያደምቀዋል።

በልማድ እስከ 100 ሜትር ከ1 እስከ 4 እጥፍ፣ እስከ 300 ሜትር ከ3 እስከ 9 እጥፍ ይበቃል። ከዚያ ለሚርቅ ዒላማ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ይመረጣል፤ በወረቀት ዒላማ ውድድር ከ20 እጥፍ በላይ የሚያጎሉም ይገጠማሉ። ቀትር ላይ ግን ከጋለ መሬት የሚነሳው የአየር ሞገድ በከፍተኛ ማጉላት ምስሉን ስለሚያርገበግበው፣ የረጅም ርቀት ተኳሾች ቁጥሩን ይቀንሳሉ።