ባቡር በቆመበት ገበያ ይቆማል፦ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጉት ሁለቱ ሐዲዶች

ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ በሚወስደው ቆላ ላይ ሁለት ሐዲዶች አሉ። አንደኛው ጠባብ ነው፤ ዝጓል፣ በብዙ ስፍራም አሸዋና ቁጥቋጦ ሸፍኖታል። ሁለተኛው ሰፋ ያለ፣ ከፍ ተደርጎ በተደለደለ አፈር ላይ የተነጠፈ፣ በላዩም የኤሌክትሪክ ሽቦ የተዘረጋበት ነው። ሁለቱም የተሠሩት አንድ ጥያቄን ለመመለስ ነው፤ ይኸውም የደጋውን አገር ምርት ወደ ባሕር፣ የባሕሩን ሸቀጥ ወደ ደጋው እንዴት ማድረስ ይቻላል የሚለው ነው። የሰጡት መልስ ግን ይለያያል። አሮጌው ባቡር በየመንገዱ እየቆመ የሚሄድ ሲሆን በቆመበት ሁሉ ገበያ ይቆም ነበር። አዲሱ ከወደብ ተነሥቶ እስከ ደረቅ ወደብ ብዙውን አገር ሳይቆም ያልፋል። በሐዲዱ ግራና ቀኝ የሚኖረው ገበሬ፣ አርብቶ አደርና የከተማ ነዋሪ ከባቡሩ የሚያገኘውንም ሆነ የሚያጣውን በአብዛኛው የወሰነው ይህ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ሐዲድ ታሪክ የሚጀምረው በ1886 ዓ.ም ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ነው። ኢልግ ሌዮን ሼፍኖ ከተባለ ፈረንሳዊ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ፈቃዱ የ99 ዓመት ሲሆን መሥመሩን በሦስት ክፍል ይመለከት ነበር፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። የቡናው አገር ከፋ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ሐዲዱ ግን እዚያ ሳይደርስ ቀርቷል።

ከዚያ በፊት የቡና፣ የቆዳ፣ የሰምና የዝሆን ጥርስ ጭነት ከደጋው በበቅሎና በአህያ ወርዶ በቆላው በግመል ይተላለፍ ነበር። ጉዞው ሳምንታት ይወስዳል፤ ውኃ ባለበት ማደር፣ ሞቃቱን ቆላ መሻገር፣ በየኬላው ቀረጥ መክፈል ግድ ነበር። ነጋዴው ከትርፉ ብዙውን በመንገድ ይጨርሰዋል።

ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ የሚያልፈው የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች በሚግጡበትና ውኃ በሚያጠጡበት ምድር ነበርና ገና ከጅምሩ ግጭት አልተለየውም። የሣርና የውኃ ባለቤቱ ያልተማከረበት ሐዲድ ነበረ። ይህ ጉዳይ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም መልኩን ለውጦ ይገኛል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መሐንዲሶቹ ወደ ሐረር ሲጠጉ የተራራው አቀበት አስቸገራቸው። ወጪውም ከኩባንያው አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በተራራው ግርጌ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደርሶ ቆመ። በቆመበት ስፍራም አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ ጸንቶ የቀረው ስም ግን ድሬዳዋ ነው። ኩባንያው የቀጠዋቸው ቀጥ ያሉ የከዚራ መንገዶች ከደቻቱ ወዲያ ማዶ ካለው ከመጋላ ጠመዝማዛ መንደር ጋር ሲነጻጸሩ ከተማዋ ከሁለት ወገን እንዳደገች ዛሬም በግልጽ ይታያል። አንዱን ወገን ኩባንያው ሠራው፤ ሌላውን ባቡሩ የጠራው ነጋዴ።

ገንዘብ በማለቁና የአውሮፓ መንግሥታት በሐዲዱ ላይ ያላቸው ፉክክር በማየሉ ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም በተደረገ አዲስ ስምምነት የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱም በአዋሽ አድርጎ ወደ ምዕራብ ገፋ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1906፣ ኢልግም በ1908 ዓ.ም ስላረፉ ሁለቱም ባቡሩን በመዲናይቱ አላዩትም። አሁን ለገሃር በሚል ስም የሚታወቀው ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም ነው።

በየጣቢያው የነበረ ገበያ

አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ መውጣት ነበረበትና ኩርባው ብዙ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። የአዋሽ ጣቢያ ሆቴልና ምግብ ቤት የተገኘው ከዚሁ አዳር ነው።

በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ሳይቆም ሊሄድ አይችልም። ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ በደረቁ ቆላ በየተወሰነው ርቀት ጣቢያና የውኃ ማጠራቀሚያ ማኖር ግድ ሆነ። ባቡሩ ውኃ እስኪሞላ ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ወርዶም ይገዛል። የኤረር ብርቱካን፣ የግመል ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የፍየል ሥጋ በዚህ መንገድ ገዢ አገኘ። አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱና አቃቂ ከሐዲዱ ጋር የተወለዱ ወይም ከሐዲዱ ጋር ያደጉ ናቸው። ሁለትና ሦስት ፍየል ያለው አርብቶ አደር ጣቢያው ድረስ ነድቶ ሸጦ ጨውና ስኳር ገዝቶ የሚመለስበት ዘመን ነበር። ኩባንያው ይህን አላሰበውም፤ በየትኛውም ውል ላይ አልተጻፈም። ሆኖም የቆላው ነዋሪ ከባቡሩ ያገኘው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐዲዱ የአገሪቱን ክፉ ቀንም አሳልፏል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። በ1969 ዓ.ም ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ሲቃረብ ድልድዮች ተመቱ፤ ጉዞውም ለረጅም ወራት ተቋረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ የተሳፋሪ ባቡር አዋሽ አጠገብ በኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል በመግባቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከአፍሪካ የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

መተሐራ ላይ ደግሞ ሌላ ባላጋራ መጣ። የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ስለተጠጋ በተደጋጋሚ ከፍ ማድረግ አስፈልጓል። ጨዋማው ውኃ በአካባቢው የግጦሽና የእርሻ መሬት ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ከሐዲዱ ይብሳል።

የጭነት መኪና እየበዛ፣ መለዋወጫ እየጠፋ፣ ድልድዮቹም እያረጁ ሄደው በ2000 ዓ.ም አካባቢ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው ጉዞ ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚሄደው ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ተንቀሳቅሷል። ነገር ግን በመካከሉ ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ገበያ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

የኤሌክትሪኩ ባቡር

አዲሱን መሥመር ለመሥራት ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም ነው። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን ክፍል አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላ የቻይና ኩባንያ ገነባው። ከአጠቃላይ ወጪው አብዛኛው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ብድሩ እጅግ ከባድ በመሆኑ በ2010 ዓ.ም ማብቂያ የመክፈያው ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደርጓል። መሥመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም ነው። በድርጅቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ 75 በመቶ፣ የጅቡቲ 25 በመቶ ነው። መጀመሪያ ባቡሩን ያንቀሳቅሱት የነበሩት የቻይና ሠራተኞች ሲሆኑ ሥራው በ2016 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል።

የሐዲዱ ርዝመት 750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በብረቶቹ መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ስላለ ሁለት ባቡሮች በአንድ ጊዜ ይተላለፋሉ፤ ከአዳማ ወዲያ ግን አንድ ሐዲድ ብቻ በመሆኑ አንደኛው ባቡር በተዘጋጀለት መተላለፊያ ቆሞ ሌላውን ይጠብቃል። አንዱ ሲዘገይ ሌላውም የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ባቡሩ የሚሄደው ከላይ ከተዘረጋው ባለ 25,000 ቮልት ሽቦ በሚያገኘው ኃይል ነው። ኃይሉ ሲቋረጥ ባቡሩ ባለበት ይቆማል። የሐዲድ ብሎንና የኤሌክትሪክ ገመድ ስርቆትም ጉዞውን በተደጋጋሚ አስተጓጉሏል፤ አንድ ገመድ ቆርጦ የሚሸጥ ሰው የሚያገኘው ገንዘብ አንድ የጭነት ባቡር ቆሞ ከሚደርሰው ኪሳራ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም።

ለገበሬው ቅርብ የሆነው የዚህ ባቡር ሥራ የማዳበሪያ ጭነት ነው። ማዳበሪያው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ እዚያ በከረጢት ይሞላና ከፊሉ በመኪና፣ ከፊሉ በፉርጎ ተጭኖ ይወጣል። አንድ የጭነት ባቡር የፉርጎዎቹን ክብደት ጨምሮ እስከ 3,500 ቶን እንዲጎትት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በአንድ ጉዞ የሚያመጣውን ለማምጣት ብዙ ደርዘን ተሳቢ መኪና ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ባቡሩ እስከ ቀበሌ አይደርስም። ከጣቢያው ወይም ከደረቅ ወደቡ ወደ ዩኒየን መጋዘን፣ ከዩኒየኑ ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚወስደው መኪና ነው። ማዳበሪያ በዘር ወቅት ሲዘገይ ገበሬው ስለ ባቡሩ መዘግየት ይሰማል፤ ከጣቢያው ወዲህ ያለው የማራገፍ፣ የመኪና እጥረትና የክረምት መንገድ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። የመጨረሻው 50 ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያው 700 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

የምላሹ ጭነት ሌላ ጉዳይ ነው። አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ ሞልተው የመጡ ፉርጎዎች ብዙዎቹ ባዶ ይመለሳሉ። ቡና፣ የቅባት እህልና ጥራጥሬ በኮንቴይነር ተጭነው ይወርዳሉ። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ ወደ ጅቡቲ ገበያ የሚሄዱት ግን በአብዛኛው በመኪና ነው፤ ቶሎ የሚበላሽ ምርት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ የጥቂት ገበሬዎች ምርትም አንድ ኮንቴይነር አይሞላም። እንደ አሮጌው ዘመን ሁለት ኩንታል ይዞ ፉርጎ ላይ መውጣት የለም። ከባዶው ፉርጎ ተጠቃሚ መሆን የሚችለው ምርቱን አሰባስቦ በአንድነት የሚያቀርብ ማኅበር ወይም ዩኒየን ነው።

ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ ራቅ ብለዋል። አሮጌው ጣቢያ በድሬዳዋም በአዲስ አበባም መሀል ከተማ ሲሆን አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የአዲስ አበባው ደግሞ ፉሪ ለቡ ነው። አገልግሎቱ በተጀመረባቸው ዓመታት የተሳፋሪ ባቡር ይሄድ የነበረው በየሁለት ቀኑ ነበር። ከባቡር ለወረደ ተሳፋሪ የቀረው የባጃጅና የታክሲ ወጪ ቀላል አይደለም።

ከብትና ሐዲድ

ከሚኤሶ ወዲያ ያለው ምድር አሁንም የግጦሽ ምድር ነው። ግመል፣ ከብትና ፍየል ሐዲዱን ያቋርጣሉ፤ ውኃው በአንድ ወገን፣ ሣሩ በሌላው ወገን ሊሆን ይችላልና። ከአገልግሎቱ መጀመሪያ አንሥቶ በባቡር የተገጩ እንስሳት ጉዳይ ለድርጅቱም ለአርብቶ አደሩም ራስ ምታት ሆኖ ቆይቷል። ለሞተ እንስሳ ካሳ ሲከፈል ቆይቷል፤ በካሳው መጠን ላይም ክርክር አልጠፋም። አንድ ግመል ለባለቤቱ የሥጋ ዋጋ ብቻ አይደለም። ወተቱ፣ ጭነቱና የሚወልደው ግልገል አብሮ ይታሰባል።

የከብት ጠባቂው ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ አሮጌው ከሩቅ አይሰማም፤ ድምፁ ሲሰማ ቀርቧል ማለት ነው። የተጫነ ባቡር ፍሬን ከተያዘበት ስፍራ አንሥቶ እስኪቆም ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሾፌሩ መንጋውን ቢያይ እንኳ ማድረግ የሚችለው ጥሩንባ መንፋትና ፍሬን መያዝ ነው። መሪውን ጠምዝዞ የሚያልፍበት መንገድ የለውም። ስለዚህ መንጋ ማሻገር የሚገባው ከሐዲዱ ሥር በተሠሩት መተላለፊያዎች ነው። መተላለፊያው ሩቅ በሆነበት ስፍራ ደግሞ አንድ ሰው ቀድሞ ሐዲዱን ግራና ቀኝ ሳያይ መንጋው መቅረብ የለበትም።

ከላይ ያለው ሽቦ ሳይነኩትም ይገድላል። ረጅም ብረት፣ እርጥብ እንጨት ወይም የድንኳን ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ተሸክሞ በሥሩ ማለፍ፣ ቆሞ ባለ ፉርጎ ጣሪያ ላይ መውጣት፣ በምሰሶዎቹ ላይ ገመድ ማሰር ወይም ከብት ማሰር አደጋ አለው። ሽቦ ተበጥሶ መሬት ላይ ወድቆ የተገኘ እንደሆነ ሞቷል ተብሎ መቅረብ አይገባም፤ ሕፃናትንና እንስሳትን አርቆ በአቅራቢያው ላለ ጣቢያ ወይም ለቀበሌው ማስታወቅ ይበጃል።