የሌሊት ወፍ የሚያዳምጡ ማይክሮፎኖች ያለ ሥራ ሲቀመጡ ምን ይደርስባቸዋል?

በጆሃንስበርግ ምሽት ነፍሳትን የሚያድኑ የሌሊት ወፎች ያለማቋረጥ ይጮኻሉ፤ ሰው ግን አብዛኛውን ጩኸታቸውን አይሰማም። የሰው ጆሮ የሚለየው የድምፅ ድግግሞሽ ቢበዛ 20 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 20 ሺህ ንዝረት ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ በስቴርክፎንቴይን ዋሻዎች አካባቢ የሚኖረው የዦፍሯ ባለፈረስ ኮቴ አፍንጫ የሌሊት ወፍ በ90 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ይጮኻል። ተመራማሪዎች መኖሩን የሚያረጋግጡበት አንዱ መንገድ ማይክሮፎን ነው።

ማይክሮፎኑ እንዴት ይሠራል?

ማይክሮፎኑ ስስ ሽፋንና ከኋላው የማይንቀሳቀስ ጠፍጣፋ አካል አለው። ድምፅ ሽፋኑን ሲያንቀጠቅጠው በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይለዋወጣል፤ ለውጡም የኤሌክትሪክ ምልክት ይሆናል። ሽፋኑ ትንሽና ቀላል ከሆነ ፈጣን ንዝረትን መከተል ይችላል። መቅጃውም እኩል መፍጠን አለበት። በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚወስድ የተለመደ መቅጃ ከ22 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን በትክክል አይመዘግብም። ለዱር እንስሳት ጥናት የተሠራው ኦዲዮሞዝ ግን በሰከንድ እስከ 384 ሺህ ናሙና ይወስዳል።

አደጋው ምንድን ነው?

ማይክሮፎኑ ከአንዱ የጥናት ወቅት እስከ ሌላው ሳይነካ ሲቀመጥ እርጥበት፣ አቧራና ሻጋታ ሽፋኑን ሊጎዱት ይችላሉ። በመሣሪያው ውስጥ የተረሳ ባትሪም ፈሳሽ አውጥቶ የኤሌክትሪክ መገናኛዎችን ይበላል።

አሳሳቢው ነገር ማይክሮፎኑ በአንድ ጊዜ አለመበላሸቱ ነው። መሥራቱን ይቀጥላል፤ የመስማት አቅሙ ግን ይቀንሳል። የ6 ዴሲቤል ቅናሽ የምልክቱን መጠን በግማሽ ያሳንሰዋል። አየሩ ራሱ የ90 ኪሎ ኸርዝ ድምፅን በእያንዳንዱ ሜትር በ3 ዴሲቤል ገደማ ስለሚያዳክመው፣ የደከመ ማይክሮፎን ራቅ ብለው የሚበሩትን ያመልጠዋል።

በደቡብ አፍሪካ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከመገንባቱ በፊት የሌሊት ወፎች እንቅስቃሴ ለ12 ወራት እንዲጠና የባለሙያዎች መመሪያ ያዛል። የማይክሮፎኑ ዝምታ «እንስሳው የለም» ተብሎ ከተተረጎመ ውሳኔው ይሳሳታል።

ምን ይደረግ?

መሣሪያው ከመቀመጡ በፊት መድረቅና ባትሪው መውጣት አለበት። ሲሊካ ጄል ከተባለው እርጥበት መጣጭ ጋር በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥም ይጠቅማል። ቁልፎችን ማንቃጨል ከሰው ጆሮ በላይ የሆነ ድምፅ ስለሚፈጥር ማይክሮፎኑ መሥራቱን ለማወቅ ይረዳል። ምን ያህል እንደደከመ ለማወቅ ግን መጠኑ በታወቀ የድምፅ ምንጭ ከጥናቱ በፊትና በኋላ መለካት ያስፈልጋል።