ፊልም ኗር

ፊልም ኗር፣ በፈረንሳይኛ «ጥቁር ፊልም»፣ በተለይ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሆሊውድ ለተሠሩ ጨለምተኛ የወንጀል ፊልሞች የተሰጠ መጠሪያ ነው። ሐያሲው ኒኖ ፍራንክ በ1946 ቃሉን ለአሜሪካ ፊልሞች ተጠቀመበት።

መለያዎቹ ጥላ የበዛበት መብራት፣ የከተማ ሌሊት፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ትረካና ወንዱን ወደ ጥፋት የምትስብ ሴት ናቸው። የብርሃንና ጥላ አጠቃቀሙ ከጀርመን ኤክስፕረሽኒዝም፣ ታሪኩ ደግሞ እንደ ዳሺል ሃሜትና ጄምስ ኬን ካሉ ደራሲያን የወንጀል ልብ ወለዶች የተቀዳ ነው።

በቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ» (1944) የኢንሹራንስ ሻጩ ገና ከጅምሩ ግድያውን ይናዘዛል፤ ተመልካቹን የሚይዘው ገዳዩ ማን መሆኑ ሳይሆን እንዴት እዚያ መድረሱ ነው። የጆን ሂውስተን «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» (1941) እና የኦርሰን ዌልስ «ተች ኦቭ ኢቭል» (1958) የዘመኑ መነሻና መድረሻ ተደርገው ይጠቀሳሉ።